የኮምፒዩተር ኔትወርክ አህጽሮተ ቃላት አጠናን

የኮምፒዩተር ኔትወርክ አህጽሮተ ቃላት አጠናን ማለት ለኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች እንደ ቲሲፒ፣ ዲኤንኤስ እና ዲኤችሲፒ ያሉትን አጫጭር ስሞች ከነትርጉማቸውና ከነሥራቸው ለማስታወስ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። በዘርፉ ከሚታወቁት ፈተናዎች መካከል የኮምፕቲያ ኔትወርክ ፕላስ እና የሲስኮ ሲሲኤንኤ ይገኙበታል። አጠናኑን ከባድ የሚያደርገው የቃላቱ ብዛት ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ የአህጽሮቱን ሙሉ ስም አጥርቶ እያወቀ ነገሩ የሚሠራውን ሥራ ግን ላያውቅ ይችላል።

በፈተናው ያላቸው ቦታ

ኔትወርክ ፕላስ ቢበዛ 90 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። ለማለፍ ከ100 እስከ 900 በሚደርስ መለኪያ 720 ማግኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ በአማካይ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ኮምፕቲያ የፈተናውን ይዘት በሚዘረዝርበት ሰነድ መጨረሻ ላይ ተፈታኙ ሊያውቃቸው የሚገቡ አህጽሮተ ቃላት ተዘርዝረዋል።

ጥያቄዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአህጽሮቱን ሙሉ ስም አይጠይቁም። አንድ ችግር ይገለጽና መንስኤው ወይም መፍትሔው ይጠየቃል፤ ምርጫዎቹ ደግሞ ራሳቸው አህጽሮተ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ የአንድ ቢሮ ኮምፒዩተሮች ኢንተርኔት አልገባ ብሏቸው አድራሻቸው ሲታይ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒዩተሮቹ ከዲኤችሲፒ ሰርቨር አድራሻ አላገኙም ማለት ነው። ዲኤችሲፒ «ዳይናሚክ ሆስት ኮንፊገሬሽን ፕሮቶኮል» መሆኑን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ይቸገራል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚከብድበት ምክንያት

በአማርኛ ጽሑፍ «ዓ.ም.»፣ «ት/ቤት» እና «መ/ቤት» የሚሉት ሲነበቡ ሙሉ ቃላቸው ይጠራል፤ በአህጽሮቱ ላይ ያለው ፊደልም የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ነው። የኔትወርክ አህጽሮተ ቃላት ግን ከእንግሊዝኛ የመጡ በመሆናቸው አብዛኞቹ የሚነበቡት በላቲን ፊደላት ስም ነው። «ኤችቲቲፒ» በሚለው ውስጥ «ኤች» የሚለው ድምፅ «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ቃል አያስታውስም። «ኤስኤስኤች» ሲባልም «ሴኪዩር ሼል» ከድምፁ አይገኝም። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ አንድ ቃል ይነበባሉ፤ ላን፣ ቪላን፣ ማክ እና አርፕ ከእነዚህ ወገን ናቸው። አህጽሮት መስሎ አህጽሮት ያልሆነም አለ፤ ዋይፋይ ለገበያ የተፈጠረ የንግድ ስም እንጂ የአንድ ሐረግ ማሳጠሪያ አይደለም።

ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ቶሎ እንደሚረሱ ከጥንት ጀምሮ የተጠና ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም አልባ ቀለማትን በራሱ ላይ እየሞከረ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጣም ፈጣን እንደሆነና ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ አሳይቷል። ትርጉሙ ያልገባ አህጽሮት ለተማሪው ከእነዚያ ቀለማት ብዙም አይለይም።

የአጠናን ዘዴዎች

መፈታታት፦ ብዙ አህጽሮተ ቃላት የጋራ ክፍል አላቸው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ፒ» በአብዛኛው «ፕሮቶኮል» ናት፤ ቲሲፒ፣ ዩዲፒ፣ አይፒ፣ ኤፍቲፒ እና ኤንቲፒ ምሳሌዎች ናቸው። ይህን ያወቀ ተማሪ የሚቀረው የፊተኛውን ክፍል መያዝ ነው። ነገር ግን ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም። በአይኤስፒ ውስጥ «ፒ» አቅራቢ ማለት ነው፤ በዩቲፒ ውስጥ ደግሞ የተጠማዘዘውን የሽቦ ጥንድ ያመለክታል።

የማስታወሻ ዓረፍተ ነገር፦ በ1984 እ.ኤ.አ. እንደ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው የኦኤስአይ ሞዴል ሰባት ንብርብሮች አሉት። ከታች ወደ ላይ ፊዚካል፣ ዳታ ሊንክ፣ ኔትወርክ፣ ትራንስፖርት፣ ሴሽን፣ ፕረዘንቴሽን እና አፕሊኬሽን ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቅደም ተከተሉን «የቋሊማ ፒዛ እባክህ አትጣል» የሚል ትርጉም ባለው ዓረፍተ ነገር ይይዙታል። በአማርኛም እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር መሥራት ይቻላል፤ ለምሳሌ «ፈለቀ ዳቦ ነክሮ ተመግቦ ሲያበቃ ፓፓያ አማረው»። የግዕዝ ፊደል ከአናባቢው ጋር ስለሚለዋወጥ መመሳሰል ያለበት የፊደሉ ቤት ነው፤ «ነክሮ» ኔትወርክን፣ «ተመግቦ» ትራንስፖርትን ያስታውሳል። በ«ፐ» የሚጀምሩ የአማርኛ ቃላት ጥቂት በመሆናቸው ለፕረዘንቴሽን ቃል መፈለግ ትንሽ ያስቸግራል።

በታሪክ ማያያዝ፦ ተበታትነው የተጠኑ አህጽሮተ ቃላት አንድ ላፕቶፕ ድረ ገጽ ሲከፍት በሚሆነው ነገር ቅደም ተከተል ሊያያዙ ይችላሉ። ላፕቶፑ መጀመሪያ በዲኤችሲፒ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል። ይህም አራት መልእክቶች አሉት፤ ፍለጋ፣ አቅርቦት፣ ጥያቄ እና ማረጋገጫ። የእንግሊዝኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው «ዶራ» ተብለው ይታወሳሉ። ቀጥሎ በአርፕ አማካኝነት የራውተሩን ማክ አድራሻ ያገኛል። በዲኤንኤስ የድረ ገጹን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ያስለውጣል። ከዚያ በቲሲፒ የሦስት እርምጃ ግንኙነት ይመሠርታል፤ በቲኤልኤስ ግንኙነቱን ያመሰጥራል፤ በመጨረሻም በኤችቲቲፒ ገጹን ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ስድስት አህጽሮተ ቃላት እያንዳንዳቸው ከሥራቸው ጋር ቦታ ያገኛሉ።

ካርድና ራስን መፈተን፦ የሳይንስ ጋዜጠኛው ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባስፋፋው ዘዴ ካርዶች በክፍል በክፍል ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። በትክክል የተመለሰ ካርድ ዘግይቶ ወደሚከለስበት ክፍል ያልፋል፤ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመለሳል። አንኪ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ክለሳን በጊዜ የማራራቅን ሐሳብ በኮምፒዩተርና በስልክ ይሠራበታል። ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ያነበቡትን ለማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑት ተማሪዎች ከአንድ ሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ግን የተሻሉት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ይህም በፈተናው ዋዜማ የሚደረግ ንባብ የሚሰጠው በራስ መተማመን አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

በቀላሉ የሚምታቱ

• ኤስቲፒ፦ በስዊቾች መካከል መረጃ ማቆሚያ በሌለው ዙር እንዳይሽከረከር የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ ፕሮቶኮል፤ በኬብል ርዕስ ግን መከላከያ ሽፋን ያለው የተጠማዘዘ ሽቦ።
• ማክ፦ የኔትወርክ ካርድ ባለ 48 ቢት አድራሻ፤ በደኅንነት ትምህርት ግን የመልእክት ትክክለኛነት ማረጋገጫ ኮድ ወይም አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር።
• ኤስኤፍቲፒ እና ኤፍቲፒኤስ፦ ሁለቱም ፋይልን በምስጢር ያስተላልፋሉ፤ የመጀመሪያው በኤስኤስኤች በፖርት 22 ይሠራል፣ ሁለተኛው ቲኤልኤስ የተጨመረበት ኤፍቲፒ ነው።
• ኤስኤምቲፒ እና ኤስኤንኤምፒ፦ የመጀመሪያው ኢሜይል ይልካል፣ ፖርቱ 25 ነው፤ ሁለተኛው የኔትወርክ መሣሪያዎችን ይከታተላል፣ ፖርቱ 161 ነው።
• ኤቲኤም፦ በባንክ የገንዘብ ማሽን፤ በኔትወርክ ግን መረጃን በ53 ባይት ክፍሎች የሚያስተላልፍ ቴክኖሎጂ።

እነዚህን ለመለየት በካርዱ ላይ ሙሉ ስሙን ብቻ መጻፍ አይበቃም። ሥራው፣ የሚገኝበት የኦኤስአይ ንብርብር፣ ፖርት ካለው ቁጥሩ፣ እንዲሁም ሲበላሽ የሚታየው ምልክት አብረው ቢጻፉ ካርዱ ለፈተናው ጥያቄዎች ይቀርባል።

የሽምደዳ ወሰን

የማስታወሻ ዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተልን እንጂ ትርጉምን አያስተምርም። ሰባቱን ንብርብሮች በቃሉ የሚወርድ ተማሪ ራውተር በሦስተኛው፣ ስዊች ደግሞ በመሠረቱ በሁለተኛው ንብርብር የሚሠሩበትን ምክንያት ካላወቀ ዝርዝሩ ብልሽት በመፈለግ ረገድ አይረዳውም። ስለዚህ ሽምደዳ ከተግባር ልምምድ ጋር ቢሄድ ይመረጣል። የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር ራውተርና ስዊች ሳይገዙ ኔትወርክን በኮምፒዩተር ላይ ለመገንባት ያስችላል። ተማሪው በዚያ ላይ የዲኤችሲፒን አገልግሎት ሆን ብሎ ቢያጠፋና በኮምፒዩተሮቹ አድራሻ ላይ የሚሆነውን ቢመለከት፣ አህጽሮቱ ባየው ነገር ስም ሆኖ በአእምሮው ይቀራል።