ስድስት ሚሊ ብየዳ

ብረት ይደክማል ብላችሁ ታምናላችሁ? ካላመናችሁ አንድ ሽቦ አንሡና እዚያው ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ እጠፉት። በመጀመሪያው እጥፋት አይበጠስም፤ ስትደጋግሙት ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል። ጉልበታችሁ አልጨመረም፤ የጨመረው ቁጥሩ ነው። መሐንዲሶች «የብረት ድካም» የሚሉት ይህንን ነው።

በሰሜን ባሕር፣ በኖርዌይ በኩል ባለው የኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ፣ በአንድ ደራሲ ስም አሌክሳንደር ኬላንድ የተባለ ባለ አምስት እግር ተንሳፋፊ መድረክ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ለቁፋሮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ቢመጣም የዋለው ለሠራተኞች ማደሪያነት ነው። እግሮቹን እንደ ቤት ማገር የሚያያይዟቸው ውስጣቸው ባዶ የሆነ የብረት ቱቦዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ 2.6 ሜትር ስፋት ነበረው፤ የግድግዳው ውፍረት ግን 26 ሚሊሜትር ብቻ!

በዚህ ቱቦ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ ሃይድሮፎን ለሚባል የውሃ ውስጥ ድምፅ መቀበያ መያዣ ተበየደበት። መድረኩ ሲቆፍር ቦታውን እንዲጠብቅ የሚረዳ መሣሪያ ነው (ማደሪያ ቤት ምን ያደርግለታል አትሉም?)። መያዣው የመድረኩ አካል ሳይሆን እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ስለታየ ብዙም የተጨነቀለት አልነበረም። የብየዳው ውፍረት 6 ሚሊሜትር ነው።

ብየዳ ደግሞ ለድካም የተመቸ ቦታ ነው። ጠርዙ ላይ ኃይል ይከማቻል፤ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ወጥሮ ይይዛል፤ ለዓይን የማይታዩ ጭረቶችም አይጠፉትም። የሚገርመው፣ ጠንካራ ብረት መግዛት እዚህ ላይ ብዙ አያድንም፤ የተበየደ መገጣጠሚያ የድካም አቅሙ ከብረቱ ጥንካሬ ጋር እምብዛም አያድግም። በየአሥር ሰከንዱ አንድ ማዕበል ቢመታው በዓመት ከሦስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1980 ምሽት፣ ባሕሩ በተናወጠበት ሰዓት፣ ያ ቱቦ ተበጠሰ። አንዱን እግር የያዙት ሌሎች አምስት ቱቦዎች ተከታትለው ሄዱ፤ እግሩም ተገንጥሎ ቀረ። መድረኩ ወዲያው አዘነበለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተገለበጠ። ከ212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ።

መርማሪዎች የተሰበረውን ቱቦ ሲያዩ ከስንጥቁ ውስጥ ቀለም አገኙ። ቀለም! የባሕር ማዕበል ቀለም አይቀባም። ብየዳው የተሰነጠቀው ገና ፋብሪካው ውስጥ፣ ቀለም ሳይቀባ በፊት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ያደረገው ስንጥቁን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማስረዘም ነው።

የጉዳዩ ክርክር ግን በዚህ አልተዘጋም። በሕይወት የተረፉትና የሟች ቤተሰቦች ለዓመታት ሲጠይቁ ኖረው፣ የኖርዌይ ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መንግሥት ጉዳዩን የያዘበትን መንገድ ነቀፈ። አርባ አንድ ዓመት አልፎ።