ተለያይተናል፣ አልተፋታንም

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የልጆች አባት ነው። «መምህር፣ እኔና እሷ ለጊዜው ልንለያይ ነው። ፍቺ አይደለም። እርስዎ ሽማግሌ ሆነው አንዲት ወረቀት ቢጽፉልን» አለኝ። ዝም አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ? ሃሎ?» ይል ነበር።

ዝም ያልኩት እንዲህ ያለ ወረቀት ከዚህ በፊት አንዴ ስለጻፍኩ ነው። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ታሪኩን ላስቀድም፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ታገሡኝ።

በዚህ ሀገር የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። (በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1952 የጌዴኦ ገበሬ ሚችሌ ላይ በባለርስቶች ላይ ተነስቷል። አዲስ አበባ ላይ ሕግ ሲታተም እዚህ ሰው በቡናው ምክንያት ይሞት ነበር። ክፍል ውስጥ ሁለቱን አብሬ አስተምር እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።) ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በእሳቸው ሀገር ሕግ በጋብቻና በፍቺ መካከል አንድ መካከለኛ ቤት አለ፤ ባልና ሚስት በዳኛ ውሳኔ መኝታና ማዕድ ይለያሉ፣ ጋብቻው ግን አይፈርስም። መነሻው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው፤ ፍቺ የማትፈቅድ ቤተ ክርስቲያን ለተጣሉ ሰዎች ያበጀችው ማረፊያ ማለት ነው። ወደ እኛ ሕግ ግን ይሄ መካከለኛ ቤት አልገባም። ወይ ባለትዳር ነህ፣ ወይ ተፋትተሃል።

ታዲያ የተጣሉ ሰዎች የት ይሂዱ? ሕጉ ወደ ቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰደዳቸው። ዛሬ ብዙ ወጣት የሕግ ባለሙያ የሚረሳው ነገር ቢኖር የእነዚህ ሽማግሌዎች ሥልጣን ምን ያህል እንደነበር ነው። አስታራቂ ብቻ አልነበሩም፣ ዳኛ ነበሩ። ፍቺ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዝሙት ወይም ያለበት ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ቤት ጥሎ መጥፋትን የመሰለ ከባድ ምክንያት ካለ በአንድ ወር ውስጥ ይወስናሉ። ከሌለ ለማስታረቅ እስከ አንድ ዓመት ጊዜ አላቸው፤ ባልና ሚስቱ ከተስማሙ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። አምስት ዓመት! ፍርድ ቤት ጣልቃ የሚገባው ሽማግሌዎቹ በጉቦ ወይም በማታለል ሲወስኑ፣ ወይም ውሳኔያቸው ከሕግ የወጣ ወይም ፈጽሞ ምክንያት የሌለው ሲሆን ነበር። «ተስማምተናል፣ እንፋታ» ብሎ መምጣትም አይቻልም ነበር፤ በስምምነት ፍቺ ያ ሕግ አያውቅም።

እዚያው ሕግ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው የሆነ አንድ ድንጋጌ አለ። ባልና ሚስት በትዳር ላይ እያሉ እርስ በርስ የሚዋዋሉት ውል የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ካላጸደቁት አይጸናም። ይህችን በደንብ ያዙልኝ። የመለያየት ወረቀት ዋጋ የሚያገኘው ከሽማግሌ እጅ ነበር ማለት ነው።

ይሄ ለእኛ አካባቢ ሰው እንግዳ አልነበረም። ጌዴኦ በሶንጎው ተቀምጦ፣ ሀይቻዎቹን አዳምጦ፣ ነገሩን ሲጨርስ የኖረ ሕዝብ ነው። ዲላ ከተማ ውስጥ በሰማንያ የተጋባውም ቢሆን ሲጣላ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን አንስታ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ቡና ይፈላል፣ ትመለሳለች። ወይም አትመለስም።

ሳትመለስ ስትቀር ነው ጣጣው። እህልና ከብት መካፈል ቀላል ነው። እዚህ ግን ንብረት ማለት ተክል ነው። ቡናው በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ማን ይልቀመው? እንሰቱ ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ የፋቀችው፣ ያብላላችው፣ ቆጮ አድርጋ ልጆች ያሳደገችበት እሷ ናት፤ የቆመበት መሬት ግን በእሱ አባት ስም ይጠራል። ከየካቲት 1967 በፊት ለጭሰኛው ያ መሬት ራሱ የሌላ ሰው ነበር፤ ከአዋጁ በኋላ የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ፤ በ1997 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። እንደኔ እንደኔ ያቺ ደብተር ለገጠር ሴት ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ጠቅማለች። እንደ ጌዴኦ ሰው በበዛበት፣ ማሳ ባነሰበት ቦታ «ለጊዜው እንለያይ» ማለት «ዘንድሮ ቡናውን ማን ይሸጣል» ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በ1998 ዓ.ም. አንድ ባልና ሚስት እቤቴ መጡ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሦስት ሽማግሌ ሆነን ተቀመጥን፣ እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ጻፍኩ። ቡናው የእሱ፣ እንሰቱና ጎጆው የእሷ፣ ልጆቹ ከእሷ ጋር፣ በየወሩ ይህን ያህል ብር ለቀለብ፣ «ከዚህ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ የንብረት ጥያቄ አያነሳም።» እሱ ፈረመ፣ እሷ አሻራዋን አደረገች። ጣቷን በወረቀት እየጠረገች «መምህር፣ ይሄ ፍቺ ነው ወይስ ምንድነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ማረፊያ ነው» አልኳት። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ያላወቅሁት ነገር ሕጉ ከእጃችን መውጣቱን ነው። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። እሱ ግን የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ የቤተሰብ ሕግ የክልል ሥልጣን ስለሆነ እኛ በ1952ቱ ሕግ ቆየን። የደቡብ ክልል የራሱን ሕግ ያወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 75፣ በአብዛኛው የፌዴራሉን መንገድ የተከተለ። እነዚህ ሕጎች የሽማግሌን የዳኝነት ሥልጣን አነሱ። ሽማግሌ እንዲያስታርቅ ተተወለት፣ መወሰን የፍርድ ቤት ሆነ። የባልና ሚስት ውልም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም ተባለ። እኔ በ1998 ቁጭ ብዬ የጻፍኩት እንግዲህ በተሻረ ሕግ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በተሻረ! ታሪክ የማስተምር ሰው ራሴ ታሪክ ውስጥ ቀርቼ ነበር።

ሰውየው ሌላ ከተማ ሄደ፣ ከሌላ ሴት ጋር ኖረ፣ ወለደ፣ ቤት ሠራ። ቀለቡን አንድ ዓመት ያህል ላከ፣ ከዚያ ተወው። ወረቀቱ በፍርድ ቤት ስላልጸደቀ ይዛው ሄዳ «አስፈጽሙልኝ» ልትል አልቻለችም። በ2008 ሞተ። በለቅሶው ድንኳን ሁለት ሴቶች ጥቁር ለብሰው ተቀመጡ።

ክርክሩ ሦስት ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያዋ ወገን «ጋብቻው በፍርድ አልፈረሰም፣ ሚስቱ እሷ ናት፣ የተሠራው ቤት የጋራ ነው» አለ። የሁለተኛዋ ወገን የሰበር ሰሚ ችሎትን መዝገብ ቁጥር 20938 ይዞ መጣ። በዚያ መዝገብ ችሎቱ ያለው በአጭሩ፣ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ትዳር ከመሠረቱ ጋብቻው በተግባር እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ነው። በ1997 ከወጣው አዋጅ 454 ወዲህ ደግሞ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ላሉ ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ነው። የሕግ ምሁራን በዚህ ውሳኔ ዛሬም አይስማሙም፤ እኔም ልቤ አይቀበለውም፤ ቤት ጥሎ ለሄደው መንገድ ጠርጎለታል ብዬ አስባለሁ። ብቻ የእኔ ወረቀት በሁለቱም ወገን ተጠቀሰች። አንደኛው «ፍቺ አይደለም ብለው ጽፈዋል»፣ ሌላው «ይኸው ከ1998 ጀምሮ ተለያይተዋል»። መጨረሻ ላይ ያስማሟቸው ልጆቹ ናቸው፤ የሁለቱም እናቶች ልጆች ቁጭ ብለው ተነጋገሩ፣ ስምምነታቸውንም ችሎት ወስደው አጸደቁት። ከእኛ ከሦስታችን ሽማግሌዎች ይልቅ ሕጉን እነሱ አውቀውታል።

ሴትዮዋ ገበያ ላይ ስታገኘኝ ዛሬም ሰላም ትለኛለች። ይሄ ነው የሚከብደኝ።

ለተማሪዬ በስልክ ያልኩትን እዚህም ልጻፈው፣ የሚፈልገው ሌላ ሰው ይኖራልና። ሁለታችሁም ፍቺ ላይ ከደረሳችሁና ከተስማማችሁ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ቀለቡን፣ ንብረቱን ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ዳኛው አንድ ላይ ወይም ለየብቻ ያናግራችኋል፤ በእርግጥ ከልባችሁ መሆኑን ያያል፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል። የልጆቹን ደህንነት ወይም የአንዳችሁን ጥቅም የሚጎዳ ስምምነት ከሆነ እንዳለ አያሳልፈውም። ፍቺውን የምትፈልጉት አንዳችሁ ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ አቤቱታ ይቀርባል፣ መዝገብ ይከፈታል፤ ነገሩ እስኪያልቅ ማን የት እንደሚኖር፣ ቀለቡን፣ ልጆቹንና የንብረቱን አያያዝ ፍርድ ቤቱ ወዲያው በትእዛዝ ይወስናል። ማረፊያ ካላችሁ ማረፊያችሁ ያ ነው። ፍቺ ሳትፈልጉ ለጊዜው ብቻ ተለያይታችሁ ብትዋዋሉም ውሉ ፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። ፍቺ ከተወሰነም ክብር መዝገብ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

«ታዲያ እርስዎ አይመጡም?» አለኝ።

«እመጣለሁ እንጂ። ለማስታረቅ እመጣለሁ። ብዕር ግን አልይዝም።»

እሑድ ከሰዓት እቤታቸው እሄዳለሁ። እሷም እንደምትኖር ነግራኛለች። በዚህ ጉዳይ ላይ የምታውቁት፣ በተለይ ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ በኩል ሶንጎው ዛሬ እንዴት እንደሚይዘው የምታውቁ፣ እስቲ ከታች ጻፉልኝ።