የማሟያ ምርጫ ነቢይ ነው እንዴ? አራት ምስክሮች ከፔንሲልቫኒያ

ወዳጆቼ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ ጥያቄ በውስጥ መስመር እየደጋገማችሁ ትልኩልኛላችሁ። «መምህር፣ እዚህ ለአንድ ወንበር የማሟያ ምርጫ ተደረገ፤ እገሌ አሸነፈ። ቴሌቪዥኑ ሁሉ የኖቬምበሩ ምርጫ አለቀ እያለ ነው። እውነት ነው?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ እንጀምር። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ቢሞት ወይም ቢለቅ፣ ወንበሩ የሚሞላው በምርጫ ብቻ ነው። ሹመት የለም። ለሴኔት ግን ከ1913ቱ 17ኛ ማሻሻያ ወዲህ የግዛቱ ሕግ ከፈቀደ አገረ ገዢው ጊዜያዊ ሰው ይሾማል፤ ምርጫው ቆይቶ ይመጣል። እንግዲህ የማሟያ ምርጫን የሚጠራው ሞት ነው፣ ሥራ መልቀቅ ነው፣ አንዳንዴም ቅሌት ነው። በሁለት ትልልቅ ምርጫዎች መካከል ሕዝብ አፉን የሚከፍትበት አጋጣሚ ስለሆነ ፖለቲከኛውም ጋዜጠኛውም እንደ ኮከብ ቆጣሪ ቤት ይሰለፍበታል።

ምሳሌው ብዙ ነው። እኔ ግን አንድ ግዛት ላይ ልቁም፦ ፔንሲልቫኒያ። አራት ጊዜ ተናግራለች፤ ሦስቴ እውነት፣ አንዴ ደግሞ ጉድ ሠርታለች።

አንደኛው ምስክር፦ 1974

ጊዜው የዋተርጌት ነው። ኒክሰን ገና ሥልጣን ላይ ናቸው። በጆንስታውን ከተማ ዙሪያ ያለውን የምርጫ ክልል ለረጅም ዓመታት የያዙት ሪፐብሊካኑ ጆን ሴይለር በ1973 መጨረሻ ገደማ ሞቱ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1974 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ጆን ሙርታ የሚባሉ የቬትናም ዘማች ዴሞክራት አሸነፉ። በስንት? በ122 ድምፅ! ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የባሰው መጣ። ጄራልድ ፎርድ ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የለቀቁትን የሚሺጋን ወንበር ዴሞክራቱ ሪቻርድ ቫንደር ቪን ወሰዱት። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ወራት ሪፐብሊካኖች ይዘዋቸው በነበሩ ስድስት ወንበሮች ላይ ምርጫ ተደርጎ አምስቱን ዴሞክራቶች ነጠቁ። ኦገስት ላይ ኒክሰን ወረዱ። ኖቬምበር ላይ ዴሞክራቶች 49 ወንበር ጨመሩ። ትንቢቱ ደረሰ።

ሁለተኛው ምስክር፦ 1991

ይኼኛው ለእኛም ቅርብ ነው። ሃሪስ ዎፎርድ የሚለውን ስም ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በ1962 ወደ አገራችን የመጣው የመጀመሪያው የፒስ ኮር፣ ማለትም የሰላም ጓድ ቡድን ወደ 300 የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን የነበሩበት ሲሆን በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ አስተምረዋል። እስከ 1964 ድረስ አዲስ አበባ ተቀምጠው ያንን ሥራ የመሩት እኚሁ ዎፎርድ ናቸው። «እኔን እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ፒስ ኮር ነው» የሚል ትልቅ ሰው በየቤታችሁ አይጠፋም።

በኤፕሪል 1991 የፔንሲልቫኒያው ሴናተር ጆን ሃይንዝ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። አገረ ገዢው ዎፎርድን በጊዜያዊነት ሾሟቸው። ለማሟያው ምርጫ የቀረቡባቸው ተፎካካሪ ግን ቀላል ሰው አልነበሩም። ሪቻርድ ቶርንበርግ የግዛቱ አገረ ገዢ የነበሩ፣ ከዚያም የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ላይ በሕዝብ አስተያየት ከ40 ነጥብ በላይ ይመሩ ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽ ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት ድል በኋላ የሚነካቸው የለም የተባለበት ዓመት ነው።

ዎፎርድ አንድ ነገር ይዘው ተነሡ፦ የጤና መድን። ወንጀለኛ ጠበቃ የማግኘት መብት ካለው፣ ሠርቶ አዳሪ ሐኪም የማግኘት መብት እንዴት አይኖረውም አሉ። በኖቬምበር በ10 ነጥብ ገደማ አሸነፉ! ዋሽንግተን ደነገጠች፤ ቡሽ በዚያው ሳምንት የእስያ ጉዟቸውን አራዘሙ። የዎፎርድን ዘመቻ የመሩትን ጄምስ ካርቪልንና ፖል ቤጋላን ቢል ክሊንተን ወሰዷቸው። በ1992 ክሊንተን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትንቢቱ አሁንም ደረሰ።

ግን ቆዩ። ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ምርጫውን ያሸነፈው ሐሳብ ራሱ ምን ሆነ? የክሊንተን የጤና መድን ዕቅድ በሴፕቴምበር 1994 ኮንግረስ ውስጥ ሞተ። ከሁለት ወር በኋላ ዎፎርድ ራሳቸው በሪክ ሳንቶረም ተሸነፉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዴሞክራቶች ከመቶ ዓመት በላይ የያዙትን የኬንተኪ ወንበር በማሟያ ምርጫ ተነጥቀው ነበር፤ ኖቬምበር ላይ 54 ወንበር አጡ። እንግዲህ ያው ቴርሞሜትር በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሙቀት አሳየ፤ ሁለቴም ትክክል ነበር። ሙቀት ይለካል እንጂ ሙቀቱ ይቆያል አይልም።

ሦስተኛው ምስክር፦ 2010 (ጉዱ እዚህ ነው)

በ122 ድምፅ የገቡትን ሙርታን ያዛችሁልኝ? ወንበራቸውን ለ36 ዓመት ይዘው በፌብሩዋሪ 2010 ሞቱ። ያው የምርጫ ክልል ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ማሟያ ምርጫ ወጣ። የፖለቲካ ተንታኝ የሚያልመው ዓይነት ቦታ ነው፤ በ2004 ዴሞክራቱን ኬሪን፣ በ2008 ሪፐብሊካኑን ማኬይንን የመረጠ በአገሪቱ ብቸኛው ወረዳ ነበር። አገሪቱ ወዴት እንደምትሄድ ከዚህ የተሻለ ማን ይነግረናል ተባለ።

በሜይ 18 የሙርታ ረዳት የነበሩት ዴሞክራቱ ማርክ ክሪትዝ በ8 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። ዴሞክራቶች «ማዕበሉ አልፏል» ብለው ተነፈሱ። ስድስት ወር ሳይሞላ በኖቬምበር 63 ወንበር አጡ።

ምን ተፈጠረ? መልሱ ቀላል ነው። በዚያኑ ቀን የዴሞክራቶች የሴኔት ቅድመ ምርጫ ነበር። አርለን ስፔክተርና ጆ ሴስታክ አንገት ለአንገት ተናንቀው ስለነበር የዴሞክራት መራጭ ነቅሎ ወጣ። ሪፐብሊካኑ ጋ ያን ያህል ሰው የሚጠራ ፍልሚያ አልነበረም። ቴርሞሜትሩ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ማሳቹሴትስ የቴድ ኬኔዲን ወንበር ለሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን ሰጥታ ነበር። የኖቬምበሩን ውጤት በትክክል የጠቆመው ያ ነው። ነገር ግን እሱም ቢሆን ሌላ ነገር አሳስቷል። ዴሞክራቶች በሴኔት 60ኛ ድምፃቸውን ሲያጡ «የኦባማ የጤና ሕግ ሞተ» ያላለ ጋዜጠኛ ጥቂት ነው። ሕጉ ግን በማርች 23 ተፈረመ። ልብ በሉ፤ በ1991 የጤና መድን ያሸነፈበት ምርጫ ሕግ አልወለደም፤ በ2010 የጤና መድን የተሸነፈበት ምርጫ ሕጉን አላስቀረም። ዛሬ ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ታክሲ ነድቶ ወይም ትንሽ ሱቅ ከፍቶ በዚያ ሕግ መድን የገዛ አለ!

አራተኛው ምስክር፦ 2018

በማርች 2018 ከፒትስበርግ አጠገብ ባለ፣ ትራምፕ በ2016 በ20 ነጥብ ገደማ ባሸነፉበት ወረዳ ዴሞክራቱ ኮነር ላም ከሺህ በታች በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ ዴሞክራቶች 40 ወንበር ጨምረው ምክር ቤቱን ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ከላም በፊት በጁን 2017 በጆርጂያ ጆን ኦሶፍ ከ4 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ተሸንፈው «ዴሞክራቶች አከተመላቸው» ተብሎ ነበር። ያ ወንበር እኮ ከስምንት ወር በፊት ሪፐብሊካን በ23 ነጥብ ያሸነፈበት ነው! ተሸናፊው ነበር ትንቢቱን የተናገረው። በ2018 ያንኑ ወንበር ዴሞክራቷ ሉሲ ማክባት ወሰዱት።

ታዲያ እንመን ወይስ አንመን?

አራቱን ምስክሮች አንድ ላይ ስናስቀምጥ ሦስት ጥያቄ ይወጣናል። ቀጣዩን ዜና ስትሰሙ እነዚህን ጠይቁ።

1. አንድ ነው ወይስ ብዙ? በሚያዝያ የጣለ አንድ ዝናብ ክረምት ገባ አያሰኝም። በ1974 ስድስት ነበሩ፤ አምስቱ አንድ ነገር ተናገሩ። በ2010 ግን አንዱን መርጦ የሚፈልገውን የሰማ ሁሉ ተሳሳተ።

2. ማን አሸነፈ ሳይሆን ከበፊቱ ስንት ነጥብ ተንቀሳቀሰ? ጆርጂያን አስታውሱ።

3. ማን መጣ? ይኼኛው ዛሬ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ለማሟያ ምርጫ የሚወጣው ጥቂት ሰው ነው፤ ያውም ዜና የሚከታተለው፣ መምረጥ ልማዱ የሆነው። ድሮ ይህ ሰው በብዛት ሪፐብሊካን ነበር። ከ2016 ወዲህ ግን ኮሌጅ የጨረሰው መራጭ ወደ ዴሞክራቶች አጋድሏል። ስለዚህ በ2023 እና በ2024 መጀመሪያ ዴሞክራቶች በማሟያ ምርጫዎች ጥሩ ውጤት አመጡ፤ በፌብሩዋሪ 2024 የኒውዮርኩን የጆርጅ ሳንቶስ ወንበር ቶም ስዋዚ መለሱላቸው። ብዙ ሰው ተጽናና። ኖቬምበር ላይ ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚመርጠው ሕዝብ ወጣ፤ ትራምፕ አሸነፉ። በተለይ ለፕሬዚዳንት ምርጫ፣ በጥቂቱ ሰው የተለካውን ለብዙው መልበስ አይሆንም።

የእኔ መልስ ባጭሩ ይኸው ነው። የማሟያ ምርጫዎች ተደምረው ሲታዩ የሕዝቡን ስሜት ይጠቁማሉ፤ የአጋማሽ ዘመን ምርጫን ደግሞ ከፕሬዚዳንት ምርጫ በተሻለ ይጠቁማሉ፤ ምክንያቱም በሁለቱም የሚወጣው ሰው ይቀራረባል። ለብቻው የቆመ አንድ ውጤት ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። አደጋው ደግሞ ትንቢቱን የሚሰማው ሰው ላይ ነው፤ «አሸንፈናል» ያለው ይተኛል፣ «ተሸንፈናል» ያለውም ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይቀመጣል። በ2010 ሜይ ላይ የተነፈሱትን አስታውሱ።

እዚያ ዜግነት ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሙርታ በ122 ድምፅ ገብተው 36 ዓመት ቆዩ። 122 ሰው ምን ያህል ነው? ዋሽንግተን አካባቢ አንድ መካከለኛ እድር ከዚያ በላይ አባል አለው። ሰው በማይወጣበት ቀን አንድ ድምፅ ክብደቷ ይጨምራል። ስለዚህ በወረዳችሁ የማሟያ ምርጫ ሲመጣ ማን ያሸንፍ ይሆን እያላችሁ እኔን ከምትጠይቁኝ፣ ሂዱና ምረጡ።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። በፒስ ኮር የተማራችሁ ታላላቆች ካላችሁ ደግሞ ስለዚያ ዘመን አጫውቱን።