የዝግተኛ ኮምፒዩተር ታሪክ፦ ከማሽን ክፍል እስከ ሰቆጣ መኖሪያ ቤት

በሰቆጣ ከተማ አንድ ኮምፒዩተር መፍዘዝ ሲጀምር ባለቤቱ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «አረጀ» ይላል። ቃሉ ለበሬም፣ ለጣሪያ ቆርቆሮም፣ ለሰውም የሚነገር ስለሆነ ኮምፒዩተሩም በዚያው ሕግ የሚተዳደር ይመስላል። ዳሩ ግን ይህ መሣሪያ እንደ በሬ ጉልበቱ አይደክምም። በ2000 ዓ.ም. የተሠራ ፕሮሰሰር ሙቀቱና ኤሌክትሪኩ ከተጠበቀለት ዛሬም በተሠራበት ቀን በነበረው ፍጥነት ይደምራል፣ ያባዛል። ዘገየ የሚባለው መሣሪያ በአብዛኛው የዘገየው በዙሪያው ባለው ነገር ምክንያት ነው። ይህ በዙሪያው ያለ ነገር ደግሞ በየዘመኑ ተለዋውጧል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች የቤት ኮምፒዩተርን በየጊዜው እየተንከባከቡ ፍጥነቱን ስለ መጠበቅ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ በቅድሚያ ያሰብሁት የምክር ዝርዝር ለማቅረብ ነበር። ዝርዝሩን ጽፌ ስመረምረው ግን ከምክሮቹ ብዙዎቹ የተወለዱበት ምክንያት ካለፈ ዓመታት የተቆጠሩ፣ ሌሎቹም የደጋ አገራችንን ከፍታና አቧራ ከቶ ያላሰቡ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ ምክሩን ወደ ኋላ አቆይቼ የምክሩን ታሪክ ማስቀደም መረጥሁ።

«ጠገነ» የሚለው ግሳችን ከወጌሻ ቤት ጋር የተቆራኘ ነው፤ የሚጠገነው የተሰበረ አጥንት ነው። ቃሉ ስብራትን ያስቀድማል ማለት ነው። ሳይሰበር በፊት ለሚደረገው ጥበቃ ያለን ቃል «እንክብካቤ» ሲሆን፣ እርሱም ለሕፃንና ለአትክልት እንጂ ለብረት ብዙ ጊዜ ሲነገር አይሰማም። ነገሩ ግን ለዋግ ሰው እንግዳ አይደለም። ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን የመሰለ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር የብራና መጽሐፍን በማኅደሩ ከትቶ ከግድግዳ ላይ መስቀል፣ ከአይጥና ከእርጥበት መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው። ብራናው እስኪቀደድ የሚጠብቅ ዕቃ ቤት የለም።

ኮምፒዩተርም ሲወለድ ከጠባቂው ጋር ነበር የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫልቮች ነበሩት። ቫልቮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠሉት መሣሪያው ሲበራና ሲጠፋ መሆኑን መሐንዲሶቹ ስለ ተገነዘቡ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት እንኳ ሳያጠፉት ማቆየትን መረጡ። ይህ እኔ የማውቀው የመጀመሪያው የኮምፒዩተር እንክብካቤ ደንብ ነው፤ ልብ በሉ፣ ዛሬ ለማንም የማይመከር ደንብ ነው። በቀጣዩ ዓመት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በማርክ 2 ማሽን ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ከማስተላለፊያ መካከል ተገኝታ በመዝገቡ ላይ ተለጠፈች። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታላላቆቹ ማሽኖች በአብዛኛው የሚሠራባቸው በኪራይ ሲሆን፣ የአከራዩ ኩባንያ ቴክኒሽያን በተወሰነለት ሰዓት እየመጣ ማሽኑን ያቆማል፣ ያጸዳል፣ ይፈትሻል። በ1960ዎቹ ወደ አዲስ አበባ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮችም ቦታቸው የታላላቅ ድርጅቶች ማሽን ክፍል ነበር። የቀዘቀዘ አየር፣ የተዘጋ በርና በስም የሚታወቅ ኀላፊ ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1981 አይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተሩን ባወጣ ጊዜ ማሽኑ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። ጠባቂው ግን አብሮት አልወጣም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተጻፈው የጥገና ምክር ሁሉ፣ በእኔ ግምት፣ ያንን የቀረ ሰው በወረቀት ወይም በፕሮግራም ለመተካት የተደረገ ጥረት ነው። በማግሥቱ በ1982 የፒተር ኖርተን የመገልገያ ፕሮግራሞች ለገበያ ቀረቡ። በ1983 ኤክስ ቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሐርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው እውነተኛ የዝግታ በሽታ በየቤቱ ታየ።

በሽታው የፋይል መበታተን ነው። ሐርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳሕን ነው፤ አንባቢው ጭንቅላት ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ ያነባል። ፋይል ሲጠፋ ቀዳዳ ይቀራል፤ አዲሱ ፋይል በየቀዳዳው ተከፋፍሎ ይጻፋል። አንድ ደብዳቤ ገጾቹ በአሥር መሳቢያ ውስጥ ተበትነው ቢቀመጡ እንደሚሆነው ሁሉ፣ የሚባክነው ጊዜ ሳሕኑ የሚዞርበትና ጭንቅላቱ የሚመላለስበት ነው። መድኀኒቱም ገጾቹን በአንድ መሳቢያ መሰብሰብ ነበር። በ1993 ኤም ኤስ ዶስ 6 የመሰብሰቢያውን ፕሮግራም ይዞ ቀረበ፤ በዊንዶውስ 95 ደግሞ በቀለም ያሸበረቁ ትናንሽ አራት ማእዘኖች በመስኮቱ ላይ ሲሰለፉ ማየት የብዙ ሰው የምሽት መዝናኛ ሆነ። እኔም በተማሪነቴ በዊንዶውስ ኤክስ ፒ ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከት ያሳለፍኋቸው ሰዓታት ጥቂት አይደሉም። በዚያን ጊዜ ግን ምክሩ ትክክል ነበር።

ሁለተኛው በሽታ ቫይረስ ነው። ከፓኪስታን የተነሣው ብሬይን የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 ቢሆንም፣ በእኛ ዘንድ ዘመነ ቫይረስ የሚባለው የፍላሽ ዘመን ነው። ኢንተርኔት ባልደረሰበት ወይም በሚቆራረጥበት አገር ደብዳቤም፣ መዝሙርም፣ የፈተና ወረቀትም የሚጓዘው በፍላሽ ስለ ነበር፣ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፕሮግራምን በራሱ የሚያስነሣው የዊንዶውስ ልማድ ለተላላፊው መልካም በር ከፈተ። በ2008 የተነሣው ኮንፊከር አንዱ የተራባበት መንገድ ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍት በኤክስ ፒና በቪስታ ላይ ያንን በር የዘጋው በየካቲት 2011 ነው፤ መዝጊያው ግን የሚደርሰው በኢንተርኔት ስለ ሆነ ብዙ የገጠር ኮምፒዩተሮች ሳያገኙት ቀሩ። በየቤቱ የተጫነው ፀረ ቫይረስም ካልታደሰ ጠባቂነቱ ቀርቶ ሸክም ይሆናል። አንዳንዱ ባለቤት ለዋስትና ሁለት ይጭናል፤ ሁለት ዘበኞች እርስ በርስ ሲፈታተሹ በሩ ይረሳል።

ከነዚህ ሁለት በሽታዎች የተነሣ በአገራችን አንድ የመጨረሻ መድኀኒት ተለመደ፤ ፎርማት ማድረግ። የማንኛውም ዝግታ መፍትሔ ይኸው ሆነ። ስለዚህ ልማድ የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ሰቆጣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ለዕረፍት ሄጄ ነበር። በልጅነቴ ያስተማሩኝ አንድ መምህር ከዓመታት በፊት የገዙት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነበራቸው፤ በእርሱም ላይ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች እየጠየቁ የኽምጣና ቃላትን ከነትርጉማቸው ይሰበስቡ ነበር። ኮምፒዩተሩ በርቶ ሥራ እስኪጀምር ቡና ተፈልቶ ይጠጣ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከተከፈተም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደ ሠራ ይፈዛል። እኔም በተማሪነት ድፍረት «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ብዬ ፈረድሁ። ዲ በተባለው ክፍል ያለው ፋይል እንደማይነካ አውቃለሁ፤ ዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠው ግን ከሲ ጋር አብሮ እንደሚጠፋ ለመጠየቅ አላሰብሁም። የመጨረሻዎቹ ወራት ሥራ የነበረው እዚያ ነው።

የተረፈውን ፋይል ስንከፍተው ደግሞ ገጹ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ተሞልቶ አገኘነው። መምህሬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ልጄ፣ ፊደሉ የት ሄደ?» አሉኝ። ያን ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት የዘመኑ ፕሮግራሞች የግዕዝን ፊደል ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ አሳፍረው የሚያስጽፉ ነበሩ። ቅርጸ ፊደሉ ከኮምፒዩተሩ ሲነሣ ጽሑፉ ሥጋው ቀርቶ አጥንቱ ይታያል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ቅርጸ ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። የመምህሬ ኮምፒዩተር ኤክስ ፒ ነበር። ቅርጸ ፊደሉን የያዘ ሲዲ ከሌላ ሰው አግኝቼ ጽሑፉን የመለስሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ግን አልተመለሰም።

የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያለው ነው። ፎርማት የተደረገው ኮምፒዩተር ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ ቀድሞው ፈዘዘ። ያን ጊዜ ነው ክዳኑን የከፈትሁት። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ብረትና ማራገቢያው በአቧራ ተደፍነው እንደ በግ ሱፍ የተደመጠ ንጣፍ ሠርተዋል። በአሮጌ የቀለም ብሩሽ ጠርጌ ስመልሰው ፍዘቱ ጠፋ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በቀድሞ ዘመን የጋለ ፕሮሰሰር ይቆማል ወይም ይቃጠላል እንጂ አይዘገይም ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 የወጣው ፔንቲየም 4 ሲግል ራሱን ለማትረፍ ሥራውን በራሱ የሚቀንስ ሆኖ ተሠራ፤ ከዚያም ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ይህንኑ ያደርጋሉ። በመሆኑም ሙቀት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዝግታ መልክ ይገለጣል፤ ባለቤቱም ዝግታ ሲያይ የሚያስበው አሮጌውን በሽታ፣ ፋይልንና ቫይረስን ነው። አቧራን የሚያስብ የለም።

በዋግ ኽምራ ደጋ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,260 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 20 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ በአምስተኛው ይቀንሳል፣ የሚሸከመውም ሙቀት እንዲሁ። የበጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ጥቂት ይክሳል። ነገር ግን በቆላ ከተማ ገና ጉዳት የማያደርስ የአቧራ መጠን እዚህ አስቀድሞ ያፈዛል። በላዩም ምጣድ በሚጣድበት ቤት የማገዶው ጢስ ጥቀርሻ አቧራውን ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀውም በንፋስ ብቻ አይለቅም፣ ደረቅ ብሩሽ ይፈልጋል። በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ያስገባል። ማራገቢያውንም በጣት ይዞ ማጽዳት ይገባል፤ በንፋስ ኀይል ከልክ በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል።

የኤሌክትሪኩም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የ220 ቮልቱ መስመር ሲወርድ የኮምፒዩተሩ ኀይል አቅራቢ የሚፈለግበትን ኀይል ለመስጠት ብዙ ከረንት ይስባል፤ ያንጊዜ ይግላል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ በተለመደው የመሐንዲሶች ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል። ስታቢላይዘር በሰቆጣ ከፀረ ቫይረስ ይቀድማል የምለው ስለዚህ ነው።

በዚህ መካከል የመጀመሪያው በሽታ ራሱ ሞተ። ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ የሚሽከረከር ሳሕንም የሚመላለስ ጭንቅላትም የለውም፤ የተበታተነ ፋይል አያዘገየውም ለማለት ይቻላል። ጻፍ ጻፍ ማለት ግን የተቆጠረ ዕድሜውን ይበላል። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ኤስኤስዲ መሆኑን ሲያውቅ መሰብሰቢያውን ራሱ ያቆም ነበር። እንዲህም ሆኖ «በየወሩ ዲፍራግ አድርጉ» የሚለው ምክር እስከ ዛሬ ይሰማል። ኮምፒዩተር «ያፋጥናሉ» ተብለው የሚጫኑት የማጽጃ ፕሮግራሞችም ዕጣቸው ያው ነው፤ አብዛኞቹ ሲበራ አብረው እየተነሡ ሜሞሪ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም አይሰጡም። ምክሩ ሐሰት ሆኖ አልተወለደም። በሽታው ሲሞት አብሮት የሚቀብረው ሰው አጣ እንጂ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ካዳረሰ በኋላ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ያለውን ማቆየት ለብዙው ሰው ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ደህና ኮምፒዩተሮች እንደገና «አረጁ» ሊባሉ ነው። ከነዚህ ለብዙዎቹ ቀለል ያለ ሊኑክስ ይበቃቸዋል።

እኔ ወደ ሰቆጣ በሄድሁ ቁጥር የማደርገው ጥቂት ነው። በጥቅምት አቧራው ሳይጀምር፣ በግንቦትም ክረምቱ ሳይገባ ክዳን እከፍታለሁ፤ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት እቀይራለሁ። ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች እቀንሳለሁ። ከማከማቻው አምስተኛው ያህል ባዶ እንዲሆን አደርጋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፋይሉን በሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ፤ ዴስክቶፑንም ጨምሮ።

የመምህሬ ዴስክቶፕ በ2010 ዓ.ም. ኤስኤስዲ ተገጥሞለት እስከ ዛሬ ይሠራል። የጠፋው የቃላት ክፍል አስቀድሞ ከታተመ ቅጂና ከማስታወሻ ደብተሮቻቸው እየተለቀመ በዩኒኮድ በመጻፍ ላይ ነው። ጎረምሶች የልጅ ልጆቻቸው በመጻፉ ያግዟቸዋል፤ በቅጂው ላይ በብዕር ያረሟቸውን ቃላት ግን ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዲነካቸው አይፈቅዱም። እኔንም ጭምር።