ደብዳቤው በማን እጅ ያልፋል?

ስለ አሜሪካ መሥራቾች ሲነሳ የሚወራው ስለ ነጻነት ጦርነቱና ስለ ሕገ መንግሥቱ ነው። ዛሬ ግን እስቲ ብዙም ስለማይወራለት ነገር እናውራ፤ ስለ ቢሮ ደብዳቤ። ሚኒስትር ለፕሬዚዳንት፣ ፕሬዚዳንት ለሚኒስትር የሚጽፈው ያ ደረቅ ወረቀት አዲሲቱን አገር አንዴ ለሁለት ሊከፍላት፣ አንዴ ደግሞ ከጦርነት ሊያወጣት ችሏል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ሥልጣን ሲይዝ የሚከተለው የቀድሞ አሠራር አልነበረም። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ፣ የጦርና የገንዘብ መሥሪያ ቤቶችን አቋቋመ። ሕገ መንግሥቱ ግን ካቢኔ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ፕሬዚዳንቱ የየመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ አስተያየት በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። ዋሽንግተን የመንግሥቱን የዕለት ተዕለት ሥራ የዘረጋው በዚህች አጭር አንቀጽ ላይ ተመርኩዞ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ለፕሬዚዳንቱ የመጣ ደብዳቤ ወደሚመለከተው ሚኒስትር ይመራል። ለሚኒስትሩ የመጣ ደብዳቤ ደግሞ መልስ የማይፈልግ ቢሆን እንኳ እንዲያውቀው ወደ ፕሬዚዳንቱ ይላካል። መልስ የሚፈልግ ከሆነ ሚኒስትሩ የመልሱን ረቂቅ አያይዞ ይልካል። ዋሽንግተን አንብቦ ዝም ብሎ ከመለሰው ተስማምቷል ማለት ነው። ካልተስማማ አጭር ማስታወሻ ይጨምርበታል። ከባድ ጉዳይ ከሆነ ፊት ለፊት ለመነጋገር ያቆየዋል።

ትንሽ የሚባል ጉዳይ አልነበረም። ለመርከቦች በሌሊት የሚያበሩ የባሕር ዳር ማማዎችን የማሠራትና የመጠገን ውል እንኳ በሕግ የፕሬዚዳንቱን ይሁንታ ይጠይቅ ስለነበር፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ውሎቹን በደብዳቤ ያቀርብለት ነበር። ትልቁም ጉዳይ በዚሁ መንገድ ያልፋል። በ1791 የብሔራዊ ባንክ ሕግ ለፊርማ ሲቀርብ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤድመንድ ራንዶልፍና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጄፈርሰን ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው ጻፉ። ዋሽንግተን ጽሑፋቸውን ለሃሚልተን ሰጥቶ መልስህን ጻፍ አለው። ሃሚልተን የካቲት 23 ረጅም መልሱን አቀረበ፤ ዋሽንግተን በ25ኛው ቀን ሕጉን ፈረመ። ማን ምን እንዳለ፣ በምን ምክንያት እንዳለ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል።

በ1797 ጆን አዳምስ ፕሬዚዳንት ሆነ። የዋሽንግተንን ሚኒስትሮች፣ ቲሞቲ ፒከሪንግን፣ ኦሊቨር ዎልኮትንና ጄምስ ማክሄንሪን፣ በየቦታቸው ተዋቸው። ችግሩ እነዚህ ሰዎች ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። እንደ መሪ የሚያዩት ሃሚልተንን ነው። ሃሚልተን ደግሞ በዚያን ጊዜ ሹመት የሌለው፣ በኒው ዮርክ ጥብቅና የሚሠራ ሰው ነበር።

በጥር 1798 አዳምስ ከፈረንሳይ ጋር ያለው ድርድር ቢከሽፍ ምን ይደረግ ሲል ሚኒስትሮቹን በጽሑፍ ጠየቀ። የጦር ሚኒስትሩ ማክሄንሪ ጥያቄውን ወደ ኒው ዮርክ ላከው። ሃሚልተን መልሱን አዘጋጀ፤ ማክሄንሪም አብዛኛውን እንዳለ ገልብጦ የራሱ አስተያየት አስመስሎ አቀረበ። ፕሬዚዳንቱ የሚኒስትሩን ምክር ያነበበ መስሎታል። ያነበበው ግን ማንም ያልመረጠውን፣ ማንም ያልሾመውን ሰው ሐሳብ ነበር።

የባሰው የመጣው በ1799 ነው። የሁለቱ አገሮች መርከቦች በባሕር ላይ እየተታኮሱ ነበር። አዳምስ በየካቲት ወር ለሰላም መልእክተኛ እልካለሁ ብሎ አስታወቀ። ከዚያ በመጋቢት ወደ ማሳቹሴትስ፣ ኩዊንሲ ወዳለው ቤቱ ሄደና እስከ መስከረም መጨረሻ እዚያው ቆየ። ጉዳዩን በደብዳቤ ይከታተል ነበር፤ ሚኒስትሮቹ ግን መልእክተኞቹ እንዳይነሱ ነገሩን ያጓትቱ ነበር። በዚህ መሃል ፊላደልፊያን ቢጫ ወባ መታትና መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ትሬንተን ተዛወሩ።

ይህን የሰበረው አንድ ሰው ነው፤ አዳምስ ራሱ የሾመው የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ቤንጃሚን ስቶደርት። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ለፕሬዚዳንቱ በተከታታይ ጽፎ ወደ ትሬንተን እንዲመጣ ወተወተው። አዳምስ በጥቅምት ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ሃሚልተንም ከተማው ውስጥ ነበር፤ ሐሳቡን ሊያስቀይረው ቢሞክርም አልሆነለትም። ጥቅምት 16 አዳምስ መልእክተኞቹ እንዲነሱ አዘዘ። በመስከረም 1800 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ በፊት፣ በግንቦት፣ ማክሄንሪ ተገድዶ ሥራውን ለቅቆ ነበር፤ ፒከሪንግም አልለቅም ሲል ተባርሯል።

ጄፈርሰን በ1801 ሥልጣን ሲይዝ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ኅዳር 6 ቀን ለሚኒስትሮቹ በሙሉ አንድ ተመሳሳይ ደብዳቤ ላከ። የዋሽንግተንን አሠራር፣ ከላይ እንደተረክሁት፣ አንድ በአንድ ዘረዘረና ወደዚያው እንመለስ አለ። ምክንያቱንም አስረዳ፦ በአዳምስ ጊዜ የደብዳቤው ዑደት በመቋረጡ መንግሥት በአራት የተለያዩ ኃላፊዎች ተከፋፍሎ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይጎተት ነበር፤ ሕዝብ የጣለበትን ኃላፊነት ግን ፕሬዚዳንቱ ራሱ መሸከም አለበት።

እዚህ ላይ ጄፈርሰንን እንዳለ መቀበል አይገባም። አዳምስ ተቀናቃኙ ነበር፤ ጥፋቱን ሁሉ የጣለውም በአዳምስ ከመቀመጫው መራቅ ላይ ነው። ነገር ግን ጄፈርሰን ራሱ በየበጋው ነሐሴና መስከረምን ቨርጂኒያ፣ ሞንቲቼሎ ቤቱ ያሳልፍ ነበር፤ መንግሥቱም አልተከፋፈለም። ስለዚህ በእኔ እምነት በሽታው ርቀት አልነበረም። በአዳምስ ጊዜም ወረቀቱ ይመላለስ ነበር። የጠፋው ወረቀቱን የሚጽፈው እጅና የሚፈርመው እጅ አንድ መሆናቸው ነው። ስቶደርት ከዚያው ርቀት፣ በዚያው ፖስታ ጽፎ አገሩን ጠቅሟል። ልዩነቱ በስሙ የጻፈው የራሱን ሐሳብ መሆኑ ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ውሳኔ በስልክ በሚተላለፍበት ዘመን ላይ ነን። ትእዛዙ ከላይ ነው ይባላል፤ ላዩ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ነገ ነገሩ ሲበላሽ ሁሉም አላየሁም፣ አልሰማሁም ይላል። የዋሽንግተን ዑደት ለዚህ ቃል ቦታ አልነበረውም፤ ሚኒስትሩ ጽፏል፣ ፕሬዚዳንቱ አንብቦ መልሷል፣ ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው። የማክሄንሪን ገመና ያጋለጠውም ይኸው ወረቀት ነው። ለሃሚልተን የላካቸው ደብዳቤዎችና የመጡለት መልሶች ተቀምጠው ስለተገኙ፣ የማን ሐሳብ በማን ስም እንደቀረበ ዛሬ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል።

አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። የሚወረሰው እውቀት ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂነትም ይወረሳል። አንድ መንግሥት ማን እንደሚመራው ማወቅ የፈለገ ሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ከማየቱ በፊት፣ ደብዳቤው በማን እጅ እንደሚያልፍ ይጠይቅ።