በኮልፌ ቀራኒዮ ለሰፊ የወጣቶች መሰባሰቢያ የአካባቢ ጥበቃ ሠርቶ ማሳያ አዘገጃጀት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መንከባከብ የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ መሆኑን አስቀምጧል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ሰብስበው የአካባቢ ጥበቃን በተግባር ለማሳየት ለሚያቅዱ የወጣት ማኅበራት፣ የስካውት ቡድኖች፣ የትምህርት ቤት ክበባትና የክረምት በጎ ፈቃድ አስተባባሪዎች ነው።

ሠርቶ ማሳያ ከባነርና ከንግግር የሚለየው ወጣቱ ራሱ ቆፍሮ፣ ለክቶና አመዛዝኖ የሚሄድ በመሆኑ ነው። ሥራው በቦታው ላይ በእርግጥ የሚያስፈልግ መሆን ይኖርበታል። ለትርዒት ብቻ የተቆፈረና በማግሥቱ የሚደፈን ጉድጓድ ወጣቱን የሚያስተምረው አካባቢ ጥበቃን ሳይሆን ማስመሰልን ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ከፕሮግራም ዝርዝር ሳይሆን ከቦታ መረጣ ነው።

ቦታና ወቅት

የክፍለ ከተማው ሰሜናዊ ክፍል ተዳፋት የበዛበትና ጎርፍ የሚወርድበት ነው። በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች ውስጥ የሚገኘው፣ በከተማ አስተዳደሩና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎችን በቅርበት ለማየት የተመቸ ስለሆነ፣ አዘጋጆች አስቀድመው ማዕከሉን ቢያነጋግሩ ይጠቅማቸዋል። የትምህርት ቤት ግቢና የወጣት ማዕከል ሜዳም በቂ ነው፤ ቢያንስ አንድ ጎኑ ተዳፋት ከሆነ።

በትንሹ አቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳርቻ የሚዘጋጅ ማሳያ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውኃው በፍሳሽ የተበከለ በመሆኑ ታዳጊዎች ወደ ወንዙ እንዲገቡ ወይም በባዶ እጅ ቆሻሻ እንዲለቅሙ ማድረግ አይገባም።

የዓለም አካባቢ ቀን የሚውለው ግንቦት 28፣ የዓለም ወጣቶች ቀን ደግሞ ነሐሴ 6 ነው። በግንቦት መጨረሻ አፈሩ ገና በቂ እርጥበት ስለማይኖረው ዕለቱ ለጉድጓድ ዝግጅትና ለተዳፋት ልኬት ይስማማል፤ ችግኙ ክረምቱ እስኪገባ ቢቆይ ይሻላል። የክረምት መሰባሰቢያ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚያይል ሥራው ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት እንዲያልቅ፣ ዝናብ ቢቀድም የሚጠለሉበትም ቦታ እንዲዘጋጅ ይመከራል። መብረቅ ሲኖር ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል መሆኑ በመክፈቻው ላይ ይነገር።

የሰው ብዛት ስሌት

ብዙ ዝግጅቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ማሳያ ዙሪያ ከ20 በላይ ወጣቶች ከቆሙ ከኋላ ያሉት ተመልካች ብቻ ሆነው ይቀራሉ። አንዱ ዙር ከመዘዋወሪያው ጋር 30 ደቂቃ ቢወስድ በሦስት ሰዓት ውስጥ ስድስት ዙር ይኖራል። ስድስት ማሳያዎች ያሉት አንድ ስብስብ በአንድ ጠዋት የሚያስተናግደው 120 ወጣቶችን ነው። 600 ወጣቶች ከተጠሩ አምስት ተመሳሳይ ስብስቦች፣ ማለትም 30 ማሳያዎች፣ ለእያንዳንዱ ሁለት አስረጂ ቢመደብ 60 አስረጂዎች ያስፈልጋሉ። ይህን ያህል አስረጂ ማግኘት የማይችል አዘጋጅ ማሳያዎቹን ወደ ሦስት ዝቅ አድርጎ ጠዋቱን በሁለት ፈረቃ ቢከፍለው፣ ያንኑ 600 ወጣት በ15 ማሳያዎችና በ30 አስረጂዎች ማስተናገድ ይችላል። ስድስት ነገር ከማየት ሦስት ነገር መሥራት ይበልጣል።

ከማሳያዎቹ መካከል

ተዳፋት መለካት በአገራችን የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ለረጅም ጊዜ ያገለገለና ወጪው አነስተኛ የሆነ ትምህርት ነው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና በሲባጎው መካከል የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ይበቃሉ። ሲባጎው ሲወጠርና ውኃ ልኩ ሲስተካከል በሁለቱ ዘንጎች ላይ የሚታየው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። ቀጥሎ ወጣቶቹ ልዩነት የሌለበትን መስመር እየፈለጉ ችካል ይተክላሉ፤ በችካሎቹ ላይ የሚቆፈረው ቦይ ውኃውን አግዶ ወደ አፈሩ ያሰርገዋል። ከ20ው ወጣት ግማሹ ሲለካ ግማሹ ስለሚቆፍር 10 የእጅ መሣሪያ ለአንድ ማሳያ በቂ ነው።

የጎርፍን ነገር ለማሳየት በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባሉት ትልልቅ የውኃ ፕላስቲኮች ለሁለት ተሰንጥቀው አፈር ይሞላባቸዋል። አንዱ ባዶ አፈር፣ ሁለተኛው በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ፣ ሦስተኛው ሣር የበቀለበት ይሆናል። እኩል ውኃ ሲፈስባቸው በብርጭቆ የሚጠራቀመው ውኃ ቀለም ራሱ ይናገራል። ሣሩ አስቀድሞ መብቀል ስላለበት ይህ በዋዜማው የሚታሰብ ሥራ አይደለም። ኮምፖስትም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን የሚታይ ለውጥ ስለሌለው ሦስት ክምሮች በተለያየ ጊዜ መጀመር አለባቸው፤ አንዱ የዕለቱ፣ አንዱ የአንድ ወር፣ አንዱ የበሰለ። በመካከለኛው ክምር ውስጥ የተሰካ ዘንግ ተመዝዞ ሲነካ መሞቁ ለወጣቱ የብስባሹን ሥራ ከማንኛውም ሥዕል በላይ ያስረዳዋል።

ለዛፍ ልየታ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ብሳና ተመራጭ ናቸው። የከተማ ልጅ ወይራን ከወተት ዕቃ ማጠኛነቱ፣ ግራዋን ከጠላ ጋን ማጠቢያነቱ ሊያውቀው ይችላል፤ ዛፉን ቆሞ ያየው ግን ጥቂቱ ነው። ቅጠሉን አሽቶ ማሽተትና ከባሕር ዛፍ ጋር ማነጻጸር ጥሩ መነሻ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ የውጭ ዛፍ መሆኑና የከተማዋን የማገዶ ችግር ያቃለለ መሆኑ አብሮ ይነገር፤ ያለ ይህ ታሪክ ዛፉን መኮነን ሚዛን ይጎድለዋል።

የደረቅ ቆሻሻ ጉዳይ በዚህ ክፍለ ከተማ ከሌላው ቦታ በተለየ ክብደት ይታያል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ላይ በደረሰው መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በመሰባሰቢያው ላይ ቤተሰባቸውን ያጡ ወጣቶች ሊገኙ ስለሚችሉ አደጋው በፎቶግራፍ ትርዒት ሊቀርብ አይገባም። ተገቢው መንገድ የአንድ ቀን የቤት ቆሻሻን በሚዛን መዝኖ ለይቶ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ኮምፖስት፣ ምን ያህሉ ቆራሌው የሚገዛው፣ ምን ያህሉ በእርግጥ የሚጣል እንደሆነ ማሳየት ነው። «ቆራሌው» እያለ በየሰፈሩ የሚዞር ሰው በአስረጂነት ቢጋበዝ ከብዙ ባለሙያ የበለጠ የዕቃ ዋጋ ያውቃል። መለየቱ የሚካሄደው በጓንት ሲሆን ስለታም ነገር፣ መድኃኒትና ባትሪ አስቀድመው ይወጣሉ።

በተከላው ማሳያ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት ችግኙን ከነፕላስቲኩ መትከል ነው። ፕላስቲኩ ተቀዶ መውጣቱን አስረጂው አንድ በአንድ ያረጋግጥ፤ የወጣውም ተቆጥሮ ይሰብሰብ። የፕላስቲኩ ቁጥር ከተተከለው ችግኝ ካነሰ ጎድሎ የቀረው መሬት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ ማቅረብና ደኅንነት

ጥያቄው ቦታው ለሚገኝበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይቀርባል። ደብዳቤው ቀኑንና ሰዓቱን፣ የወጣቶቹን ብዛትና ዕድሜ፣ የሚቆፈረውን ቦታ ልክ፣ የሚያስፈልገውን ችግኝ በዓይነትና በቁጥር፣ እንዲሁም ከተከላ በኋላ ውኃ የሚያጠጣውን አካል ቢገልጽ ተመላልሶ ከመጠየቅ ያድናል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ። የመጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ውኃ እንዲሁም የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን በየስብስቡ ይኑር። ለአደጋ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን 939 በእያንዳንዱ አስረጂ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ከዕለቱ በኋላ

የችግኝ ፈተና የሚመጣው ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ደረቅ ወቅት ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ የ20 ወጣቶች ቡድን የተከለው መስመር በቁጥር ተመዝግቦ፣ በአቅራቢያው ለሚኖር ቡድን በጽሑፍ ይተላለፋል። ቆጠራ በኅዳር፣ በመጋቢትና በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ቢደረግ የደረቀው በምን ምክንያት እንደደረቀ፣ ከብት ነክሶት ይሁን ውኃ ጠምቶት፣ ለመለየት ያስችላል። የቆጠራው ቅጽ አንድ ቅጂ ለወረዳው ገቢ ሲደረግ በቀጣዩ ክረምት ለመተኪያ የሚያስፈልገው የችግኝ ቁጥር ከዚያው ይወሰዳል።