ከካራቢኜሪው ሻንጣ የወጣ ምስክር

ከጦር ሜዳ የሚመለስ ወታደር ሻንጣው ባዶ አይሆንም። ሜዳይ አለ፤ ያልተላከ ፖስት ካርድ አለ፤ ጫፉ የታጠፈ ፎቶግራፍ አለ። ወታደሩ ይኸን ሁሉ «ትዝታዬ» ይለዋል። ለመሆኑ ባለ ትዝታው የወራሪ ጦር ፖሊስ፣ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ደግሞ የኛው ሰው ሲሆን ትዝታው የማን ነው?

«ካራቢኜሪ» የሚለውን ቃል አያቶቻችን አሳምረው ያውቁት ነበር። ካራቢኜሪ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1814 የተቋቋመ የኢጣልያ ጦር ክፍል ነው። በሰላም ጊዜ የሕዝቡ፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ የጦሩም ፖሊስ ነው። በ1928 ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ ስትገባ ካራቢኜሪውም አብሮ ገባ። መፈተሹ፣ ማሰሩ፣ እስረኛ መጠበቁ፣ መረሸኑም ሥራው ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በከተማው ላይ የወረደውን መዓት ሁላችንም እናውቃለን። የሦስቱ ቀን እልቂት ካበቃም በኋላ ግድያው በትእዛዝ ቀጠለ። ግራዚያኒ አዝማሪና ጠንቋይ ሳይቀር እየተያዘ እንዲረሸን አዘዘ። የካራቢኜሪው አዛዥ ኮሎኔል ሀዞን እስከ ግንቦት 25 ቀን 1929 ድረስ በካራቢኜሪ እጅ ብቻ 2,509 ሰው መገደሉን ለአለቆቹ ሪፖርት አደረገ።

ቁጥሩ ይኸ ነው። ፎቶግራፉስ?

በዚያ ጦርነት ብዙ የኢጣልያ ወታደር የራሱን ካሜራ ይዞ ነው የመጣው። አልበሞቻቸው ሲገለጡ መጀመሪያ የሚታየው ድንኳን፣ ገበያ፣ አዲስ መንገድ፣ ተቃቅፈው የሚስቁ ጓደኛሞች ነው። ገጹ ሲገለበጥ ግን ስቅላት ይመጣል፤ ከሥሩም ያው ሳቅ። የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 መጀመሪያ ሲገደሉ የተቆረጠው ራሳቸው ለሕዝብ ማስፈራሪያ ታይቷል፤ ፎቶግራፍም ተነሥቷል። በወረራው ጊዜ ኤንሪኮ ዴ ሴታ የሚባል ሠዓሊ ለወታደሮቹ ከሣላቸው የቀልድ ፖስት ካርዶች በአንዱ ላይ፣ ወታደሩ አንዲት ሐበሻ ሴት እንደ ዕቃ አስጠቅልሎ ለወዳጁ ማስታወሻ ሊልክ ፖስታ ቤት ቆሞ ይታያል። እንግዲህ «ማስታወሻ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ነበር ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም።

ነገር ግን ያ ሁሉ ኩራት በራሳቸው ላይ ዞረ። ከነፃነት በኋላ ከኢጣልያኖች እጅ የተገኙት ፎቶግራፎች ተሰብስበው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ስለ ፋሺስቶች ወንጀል በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ ከቴሌግራሞቻቸው ጋር ወጡ። ከጠላት ወገን «ውሸት ነው» ማለት ይከብዳል፤ ያነሣው ራሱ፣ በደረት ኪሱ የያዘው ራሱ ነዋ!

ታዲያ ፍርድ ተገኘ ወይ? በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ጨምሮ 10 ኢጣልያኖች እንዲከሰሱ የኢትዮጵያን አቤቱታ ተቀበለ። አንዳቸውም ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ሠሩት ችሎት ፊት አልቆሙም። ግራዚያኒ በአገሩ በሌላ ክስ 19 ዓመት ተፈረደበትና በወራት ውስጥ ተለቀቀ፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ደግሞ አፊሌ በሚባል ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ፎቶግራፉ መሰከረ፤ የሰማው ዳኛ ግን የለም።

ለዚህ ነው ሥዕሎቹን አይቶ እርር ብሎ ማለፍ ብቻ የማይበቃው። ካራቢኜሪው ፎቶግራፍ ሲያነሣ ለማየት የፈለገው ራሱን ነው፤ ካሜራው ግን እሱ ያላሰበውንም ያዘ። ከበስተኋላ ያለው ሕንፃ የት ሰፈር ነው? ቆመው እንዲያዩ የተገደዱት እነማን ናቸው? የታሳሪው አለባበስ የገበሬ ነው፣ የካህን ነው፣ ወይስ የተማሪ? ከጀርባው የሠፈረው ቀን ከየትኛው ቴሌግራም ጋር ይገጥማል? እንዲህ እየተባለ ሲጠየቅ የገዳዩ ማስታወሻ የሟቹ ታሪክ መሆን ይጀምራል።

በነዚህ ሥዕሎች ጀርባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ቦታና ቀን፣ ሲበዛ የጓደኞቹ ስም ነው። የተሰቀለው ሰውዬ ስም የለም። ይኸን ስም ከቤተሰብ ትዝታ፣ ከአርበኞች ልጆች ቃል፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፈልጎ ከሥዕሉ ጎን መጻፍ እኛን ታሪክ የምንማረውን የሚጠብቅ ሥራ ነው።